ሉቃስ ሳይሰማ የመጣ ዕለት

ቅዳሜ ኦገስት 16 ቀን 2025፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ሉቃስ ከሲታክ ኤርፖርት ደወለልኝ። እናቱን ከቀበርን ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። እሱ አልሰማም።

ቱክዊላ በምሠራበት መጋዘን ፎርክሊፍት ላይ ነበርኩ። ስልኩ ላይ የወጣው የኖርዌይ ቁጥር ነው፤ ከድምፁ ጀርባ ግን የሻንጣ ጎማ ሲንኳኳና በእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ሲነገር ይሰማል።

"ጌዲ፣ ብቻህን ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ። ምነው?"

"ናርዶስ አጠገብህ የለችም?"

"ቤት ናት።"

"እንግዲያው እንዳትጮህ። ሲያትል ነኝ። ሻንጣዬን ይዤ ውጭ ቆሜያለሁ። መጥተህ ውሰደኝ፣ ለማንም ግን ትንፍሽ እንዳትል። ለእህቴም ቢሆን! ዛሬ እማዬ እጇን አፏ ላይ ጭና እልል ስትል ማየት አለብኝ።"

"ኦኬ" አልኩት። ከፎርክሊፍቱ ወረድኩ።

ሉቃስ የባለቤቴ የናርዶስ ታናሽ ወንድም ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በአካል አይቼው አላውቅም፤ የማውቀው በስልክ ነው። ከአገር የወጣው በሱዳን በኩል ነው። ሊቢያን፣ ባሕሩንና ጣሊያንን አልፎ በሰሜን ኖርዌይ ትሮምሶ የምትባል ከተማ ደረሰ። መጀመሪያ ጥያቄውን አልተቀበሉትም፤ ካምፕ ውስጥ ዓመታት አለፉበት። በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ ሲያገኝ፣ ዜግነት ለመጠየቅ ስምንት ዓመት በፈቃድ መኖር እንዳለበት ነገሩት። የካምፑ ዘመን አይቆጠርም። ስለዚህ ከዜሮ ጀመረ። ቋንቋቸውን ተማረ፣ ተፈተነ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አዛውንቶችን እያጠበና እያጎረሰ ኖረ።

በስደተኛ የጉዞ ሰነዱ ወደ እኛ ለመምጣት ሁለት ጊዜ ቪዛ ጠይቆ አልተሳካለትም። ኖርዌጂያን ከሆነ ግን ቪዛ አያስፈልገውም፤ ኢንተርኔት ላይ ጥቂት ነገር ሞልቶ አውሮፕላን መሳፈር ይችላል። እኛ ቤት ዜግነት ማለት ትርጉሙ ይህ ብቻ ነበር። ስለ መብቱም ስለ ምርጫውም ያወራ ሰው የለም። ዜግነት ማለት ሉቃስ እናቱን ያያል ማለት ነበር።

እናትየው እማማ ሙሉወርቅ ናርዶስ አምጥታቸው ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር እኛው ዘንድ ይኖሩ ነበር። ስለ ኖርዌይ ሲጠይቁ ልክ ስለ ነፍሰ ጡር ሴት የሚጠይቁ ነበር የሚመስሉት። "ኖርዌይ ስንት ቀራት?" ይላሉ። ናርዶስ "ሁለት ዓመት" ስትላቸው፣ "እሰይ፣ እየገፋች ነው" ይላሉ።

አማች ሆኜ አብሬያቸው ስኖር አንድም ቀን አልተቀያየምንም። ከሥራ ስመጣ ጫማዬን ሳላወልቅ ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። "እርስዎ አይነሱ እንጂ" ስላቸው፣ "ዝም ብለህ ብላ፤ አንዱን ሳላበላው ቀረሁ፣ አንተን ላብላ" ይሉኝ ነበር። አንዱ ያሉት ሉቃስን ነው።

በማርች ወር ሆዳቸውን አመማቸው። የቆሽት ካንሰር ነው ተባለ፤ ሐኪሙም በወራት የሚቆጠር ዕድሜ እንደቀራቸው ነገረን። ናርዶስ እያለቀሰች አስተረጎመችላቸው። ከሆስፒታል ስንመለስ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። መኪናውን ፓርክ ሳደርግ፣ "ለሉቃስ አይነገርም" አሉ።

"እማዬ፣ ልጅሽ እኮ ነው" አለች ናርዶስ።

"ልጄ ስለሆነ ነው። ዛሬ ብትነግሪው ነገ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ቪዛ የለው፣ በየት ይመጣል? በሜክሲኮ በኩል ልግባ ይላል፤ አውቀዋለሁ፣ ሊቢያ የገባ ልጅ ነው። ወጥቶ ሲንከራተት ቆጠራው ይፈርስበታል። ስምንት ዓመት በረዶ ላይ የጠበቀውን በእኔ ሆድ ምክንያት አያፈርሰውም።"

ያን ዕለት ማታ ጎረቤታችን እትዬ ሰኪና ሊጠይቋቸው መጡ። የደሴ ሰው ናቸው፤ ከእማማ ሙሉወርቅ ጋር በሃይማኖት አይገናኙም፣ በሌላው ሁሉ ግን አንድ ናቸው።

"ሙሉዬ፣ ይቺን ነገር ተያት" አሏቸው። "እኛ ዘንድ ሰው ሲታመም ይነገራል፣ ሲሞትም ይነገራል፣ በዚያው ቀን ይቀበራል። ልጁ ትልቅ ሰው ነው። ይስማና የሚያደርገውን ራሱ ይወቅ።"

"አንቺ ምን አለብሽ፣ ልጆችሽ ሁሉ እዚሁ ሬንተን ናቸው።"

"አዎ፣ ሬንተን ናቸው። መቼ መጥተው ያውቃሉ?"

ሁለቱም ሳቁ። እማማ ሙሉወርቅ ሆዳቸውን ይዘው ነበር የሚስቁት፤ ሳቁ አመማቸው። በዚያው ነገሩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ሉቃስ በቪዲዮ ሲደውል ሻሻቸውን አሳምረው ያስራሉ፣ ደም እንዲመላለስበት ጉንጫቸውን ቆንጠጥ ቆንጠጥ ያደርጋሉ፣ ከዚያ "አምጪው" ይላሉ።

"እማዬ ከሳሽ" ይላል እሱ።

"ዳይት ላይ ነኝ። አሜሪካ አይደለሁ?"

ዳይቱ ሲበዛ ደግሞ ናርዶስ ካሜራው ተበላሽቷል ማለት ጀመረች። በድምፅ ብቻ መነጋገር ሆነ። በሜይ መጨረሻ አካባቢ አንድ እሁድ ከሰዓት ደውሎ ረጅም ሰዓት አወሩ። እኔ አልጋቸው አጠገብ ነበርኩ። በአንድ እጃቸው ስልኩን፣ በሌላው የአልጋውን ብረት ጨብጠዋል። ጣታቸው ነጭ ሆኗል። እሱ ምን እንደጠየቃቸው አልሰማሁም፤ እሳቸው ግን፣ "እንደ ድንጋይ ነኝ። አንተን ሳላይ የትም አልሄድም" አሉት። ስልኩ ሲዘጋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ጁላይ 18 ቀን ጠዋት ቤታችን ውስጥ ዐረፉ።

ቀብሩ ሬንተን ተፈጸመ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ መልከጸዴቅ ቀብር ላይ ለመጣው ሰው ሁሉ ተናገሩ፦ "ወንድ ልጃቸው ኖርዌይ ብቻውን ነው ያለው፤ አልሰማም። ፌስቡክ ላይ ፎቶ እንዳትለጥፉ። አንዲት ቃል እንዳትጽፉ።" ማንም አልጻፈም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን፣ ባዶ ቤት ውስጥ እናትህ ሞተች አይባልም። ትሮምሶ ውስጥ የቅርብ የምንለው ሰው ስላልነበረን ጋሽ መልከጸዴቅ ኦስሎ ያሉ ምእመናን አፈላልገው አገኙ፤ ሁለት ሰዎች በኦገስት መጨረሻ ወደ እሱ ሄደው ሊያረዱት ቃል ገቡ። ናርዶስ እስከዚያው "ተኝታለች"፣ "ጉንፋን ይዟታል"፣ "ድምጿ ተዘግቷል" እያለች ሰነበተች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ትከፍታለች።

እንግዲህ ሉቃስ ከኤርፖርት የደወለው በዚህ መሐል ነው።

መጀመሪያ የደወልኩት ለጋሽ መልከጸዴቅ ነበር።

"ጋሼ፣ ሉቃስ መጥቷል። ኤርፖርት ነው።"

"የትኛው ኤርፖርት?"

"የኛ! ሲታክ!"

"ሰምቶ ነው?"

"አልሰማም። እናቱን በድንገት ሊያስደስት ነው የመጣው።"

"ጌታ ሆይ!" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ፤ ሥራ የጀመረ ሰው ድምፅ ሆነ። "ስማኝ ልጄ። ስካይዌይ እንዳትወስደው። ናርዶስ ጥቁር ለብሳ በር ብትከፍትለት እዚያው ይደፋል። ቱክዊላ እኔ ቤት አምጣው። እህል ይቅመስ፣ ገላውን ይታጠብ፣ ይተኛ። ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ሰው ሰብስቤ፣ ፓስተሩም ባሉበት እናረዳዋለን። በአንድ ሰው አፍ፣ መንገድ ላይ፣ አይሆንም። ገባህ?"

"እናቴስ ሲለኝ?"

"ሾርላይን ለጸሎት ሄደዋል፣ ነገ ይመጣሉ በለው።"

"ጋሼ፣ ፊት ለፊት ልዋሸው ነው?"

"ይሄ ውሸት አይደለም፣ ማቆያ ነው። አሁን ፊትህን ታጠብ።"

ከዚያ ለናርዶስ ደወልኩ። ስነግራት አልጮኸችም።

"እንዳትመጪ ብለዋል ጋሼ። ካየሽ ያውቃል።"

"በልቷል?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ። ገና አላገኘሁትም።"

"አውሮፕላን ላይ አይበላም እሱ። ከልጅነቱ ጀምሮ መንገድ ሲሄድ አይበላም" አለችና ዘጋችው።

ሉቃስን ሳየው ወዲያው ለየሁት። እናቱን ነው የሚመስለው፤ ግንባሩና አገጩ የእሳቸው ነው። ጠጉሩ ግን ከእኔ በላይ ሸብቷል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ኮቱ ላይ ትንሽ የኖርዌይ ባንዲራ ሰክቷል። አቅፎ ከመሬት አነሳኝ።

"ከባድ ነህ! እማዬ ናት ያወፈረችህ?"

"አዎ" አልኩት። እውነት ነበር።

መኪና ውስጥ እንደገባን ሻንጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከፈተው፤ ከኋላ አስቀምጠው ብለውም እምቢ አለኝ። ቡናማ ቺዝ አለ፤ "ሳሙና ይመስላል፣ ግን ጣፋጭ ነው፣ እማዬ ትስቅበታለች" አለኝ። ከሥሩ ሰማያዊ የሱፍ ሹራብ አለ። መጦሪያው ውስጥ የሚያጥባት ኢንግሪድ የምትባል አሮጊት ለእናቱ ብላ በእጇ የሠራችው ነው።

"ክረምቱን ሙሉ ሠራችው። ስንት ኪሎ ናት እናትህ አለችኝ። ወፍራም ናት፣ ሰፋ አድርጊው አልኳት።"

ከኤርፖርቱ እየወጣን ነበር።

"አሁን ደግሞ ይሄን እይ።" ከደረት ኪሱ ቀይ ፓስፖርት አወጣ። "ንካው። ንካው እንጂ፣ አያቃጥልም።"

በአንድ እጄ ነካሁት።

"ሉቃስ ኖርዌጂያኑ!" አለ፣ በራሱ እየቀለደ። "እዚህ ስገባ መስኮቱ ላይ የነበረው ሰውዬ ለምን መጣህ አለኝ። እናቴን ላይ አልኩት። ካየሃት ስንት ጊዜ ሆነህ አለኝ። አሥራ ሦስት ዓመት አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ታዲያ እዚህ ቆመህ ምን ታደርጋለህ፣ ሂድ እንጂ! አለኝ።"

ሳቀ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ። ዝም ካልኩ ስለ እናቱ ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ፤ ወሬ ለማስቀየር ያህል ብቻ፣ "ሶ፣ መቼ ያዝከው?" አልኩት።

"እሱን ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ትቆጣኛለች። ሜይ ላይ።"

"የቱ ሜይ?"

"የዘንድሮው ነዋ።"

በሜይ እማማ ሙሉወርቅ በራሳቸው እግር በረንዳ ድረስ ይወጡ ነበር። ባልዲ ውስጥ ጎመን ዘርተው ውሃ ያጠጡ ነበር።

"ታዲያ ለምን ያኔ አልመጣህም?" ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ።

ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። "ምነው? ቆየህ ብለህ ልትገርፈኝ ነው? ሁለተኛውን ቪዛ ታስታውሳለህ? ይሳካል መሰለኝ ብዬ ቀድሜ ነገርኳት። አልጋ ገዛች፣ ቤተ ክርስቲያን ቆማ አመሰገነች። ከዚያ ሲከለክሉኝ ሰው ሁሉ እየመጣ አጽናናት፤ የሞትኩ ያህል። ናርዶስ እህል አልቀምስም ብላለች አለችኝ። ያን ቀን ማልኩ። ከእንግዲህ በሯን ሳላንኳኳ መጣሁ አልልም። ያልተጨበጠ ነገር አላወራም።"

"ግን ፓስፖርቱን ጨብጠኸዋል።"

"ጨበጥኩ። በያዝኩት ሳምንት፣ እሁድ ነው፣ ደወልኩላት። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። በመጀመሪያ ግን ጤናሽን እውነቱን ንገሪኝ አልኳት። ታምሜያለሁ ብትለኝ በማግስቱ ልሳፈር። እንደ ድንጋይ ነኝ አለችኝ።" ፈገግ አለ። "እንደ ድንጋይ ከሆነችማ ብዬ ኦገስትን መረጥኩ። በጁላይ ኖርዌጂያን በሙሉ ዕረፍት ይወጣል፤ መጦሪያው ውስጥ አሮጊቶቹን የሚያጥብ ሰው አይገኝም። አለቃዬ ለመነችኝ። እኔም እናቴ ደህና ናት፣ ትጠብቀኛለች አልኳት።"

ያን እሁድ አውቀዋለሁ። የአልጋውን ብረት የጨበጠውን እጅ አይቼዋለሁ። ከዚህ ጫፍ እናት በሽታዋን ደበቀች፤ ከዚያኛው ጫፍ ልጅ ፓስፖርቱን ደበቀ። ከሁለቱ አንዱ አፉን ቢከፍት ኖሮ በማግስቱ ይሳፈር ነበር። ይህን እያሰብኩ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ቆሜ ቀረሁ፤ ከኋላ ጡሩንባ ነፉብኝ።

"ጌዲ፣ 518ን አለፍነው" አለኝ።

"እ?"

"518 አውራ ጎዳና ላይ መውጣት ነበረብን። ከዚያ I-5 ወደ ሰሜን፣ ከዚያ በማርቲን ሉተር ኪንግ አድርገን ዳገቱን መውጣት ነው።"

"አንተ ደግሞ እዚህ ከተማ መቼ መጥተህ ታውቃለህ?" ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ።

"በየቀኑ ነዋ! ከሥራ ስገባ ጎግል ካርታ እከፍታለሁ። መንገዱን በፎቶ ያሳይሃል። ከኤርፖርት ተነስቼ እናንተ በር ድረስ እሄዳለሁ። የጸጉር ቤቱ ጋ ወደ ግራ፣ ሰማያዊው አጥር ጋ ወደ ቀኝ። በራችሁ ላይ ደግሞ እማዬ አለች። ፎቶውን ሲያነሱ ውጭ ነበረች፤ ፊቷን አደብዝዘውታል፣ ባልዲ ይዛ ጎንበስ ብላለች። ስንቴ አጠገቧ ቆሜ እንደማድር አታውቅም።" ከዚያ ውጭ ውጭውን አየ። "ይሄ የእኛ መንገድ አይደለም። የት እየወሰድከኝ ነው?"

"ጋሽ መልከጸዴቅ ቤት። አረፍ እንድትል ብዬ፣ ምሳ አዘጋጅተዋል።"

"ማንም አያውቅም አላልኩህም? እማዬ እያለች እሳቸው ቤት ምሳ ምን አስፈለገ?"

"እማማ… ሾርላይን ናቸው። ለጸሎት ሄደዋል። ነገ ይመጣሉ።"

ሻንጣውን ዘጋው። የሻንጣውን ዚፕ ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ።

"ትናንት ናርዶስን ሳናግራት ድምጿ ተዘግቷል፣ ተኝታለች አለችኝ። ድምፁ የተዘጋ ሰው ለጸሎት ሾርላይን ይሄዳል?"

ፍጥነቴን ቀነስኩ።

"ጌዲ። ሆስፒታል ናት?"

መንገድ መንገዱን አየሁ።

"ሆስፒታል ናት በለኝ። ታማለች በለኝ፣ በጣም ታማለች በለኝ፣ አልቆጣም። ዋሽተናል በለኝ። ጌዲ፣ እባክህን። ወንድሜ፣ ሆስፒታል ናት በለኝ።"

አንድ የጎማ መጠገኛ ቤት ግቢ ገብቼ ፓርክ አደረግሁ። ሞተሩን አጠፋሁ። በአንድ ሰው አፍ፣ መንገድ ላይ፣ አይሆንም የተባልኩት ጆሮዬ ላይ ነበር። ኮፍያዬን አወለቅኩና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ ምንም አላደረግሁም።

ኮፍያውን አየው። ለብዙ ጊዜ ኮፍያውን ብቻ አየ።

"መቼ?" አለኝ።

"ጁላይ 18።"

በሩን ከፍቶ ወጣ። ፓስፖርቱ እጁ ላይ ነበር። ጥቂት ተራመደና በተደራረቡ ጎማዎች ላይ እጁን ተደገፈ። "ጁላይ አሥራ ስምንት የት ነበርኩ? የት ነበርኩ እኔ?" ይላል። ከዚያ፣ "ኢንግሪድን እያጠብኩ ነበር። ጁላይ ሙሉ ኢንግሪድን እያጠብኩ ነበር" አለና አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። እማዬ ብሎ ጮኸ። ደረቱን መታ። ልይዘው ሞከርኩ፣ አቃተኝ። በለቅሶው የሚይዘው ሰው የለም፤ ከኋላው የሚደግፈው ሽማግሌ የለም፤ ውሃ የምትረጭበት ሴት የለችም። አስፋልት ላይ ጎማ የሚነፉ ሁለት ሠራተኞች ቆመው ያዩናል። አንደኛው ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ መጣ፤ ምንም ሳይጠይቅ አጠገባችን አስቀምጦ ሄደ። ሉቃስ እንዳይሰማበት የፈራነው ቦታ ቢኖር እንዲህ ያለው ነበር።

ስልኬ ደጋግሞ ጠራ፤ ጋሽ መልከጸዴቅ ነበሩ።

"ደረሳችሁ እንዴ? ወጡ ቀዘቀዘ።"

"ሰምቷል፣ ጋሼ።"

"ማን ነገረው?"

"ማንም። መንገዱን ያውቀዋል።"

አልገባቸውም፤ ግን አልተቆጡም። "በቃ፣ ወደ እህቱ ውሰደው። ሰው ይዤ እመጣለሁ" አሉ።

ሉቃስ ፊቱን በውሃው ታጠበ። መኪና ውስጥ ገብቶ የቀረውን መንገድ በሙሉ ራሱ መራኝ። "እዚህ ጋ ግራ" ይላል። "አሁን ቀኝ።" ሰማያዊው አጥር ጋ ስንደርስ በጣቱ ብቻ ጠቆመኝ። ባልዲዎቹ በረንዳው ላይ አሉ፤ ጎመኑ አድጎ አብቧል፣ ማንም አልቆረጠውም ነበር። ከመኪናው ወርዶ ባልዲዎቹ አጠገብ ቆመ። ልክ ፎቶው ውስጥ እናቱ የቆሙበት ቦታ ይመስለኛል።

ናርዶስ በሩን ከፈተች። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልችልም። እትዬ ሰኪና ከኋላቸው መጥተው ሁለቱንም በአንድ ላይ አቀፏቸው፤ እኔ ያልቻልኩትን እሳቸው ቻሉት። "አልቅስ ልጄ፣ አልቅስ" ይሉት ነበር። "እኔ ይነገረው ብዬ ነበር" አላሉም። ያን ቀንም ሆነ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አላሉም።

ሲመሽ ቤቱ በሰው ሞላ። ጋሽ መልከጸዴቅ የቀዘቀዘውን ወጥ ይዘው መጡ። ፓስተሩ ጸለዩ። ሉቃስ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሹራቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ክሩን በጣቱ ያፍተለትላል። ናርዶስ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ይዛ ነበር። ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት ፓስፖርቱን ከኪሱ ጫፍ ላይ አየችው።

"ዜግነቱ መጣ ማለት ነው?" አለች። ድምጿ ከማልቀስ ብዛት ሻካራ ሆኗል። "መቼ ያዝከው፣ ሉቄ?"

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እሱ ወደ እኔ አየ። ናርዶስ ስንት ሌሊት "እማዬ ደህና ናት" ብላ እንደ ዋሸችው፣ እያንዳንዱ ውሸት እንዴት እንደ በላት አውቃለሁ። ሜይ ቢላት፣ ያንን ሁሉ ውሸት አንድ በአንድ ቁጭ ብላ ትቆጥረዋለች። ከዚያ በኋላ የምትነሳ አይመስለኝም ነበር።

"ባለፈው ሳምንት" አላት። "ሰኞ ያዝኩት፣ ወዲያው ተሳፈርኩ።"

ናርዶስ ዓይኗን ጨፈነች። "እንኳን ቀድመን አልነገርንህ" አለች በቀስታ። "ብንነግርህም አትደርስም ነበር።"

"አልደርስም ነበር" አላት። እጇን አልለቀቀም።

ፓስፖርቱን ወደ ኪሱ ውስጥ ገፋ አድርጎ ከተተው።

በማግስቱ መቃብሩ ላይ ወሰድኩት። ሹራቡን ይዞ ሄዶ ይዞት ተመለሰ። ለሰው እንዳይሰጥ፣ ለመቃብርም እንዳይተው፣ ምን እንደሚያደርገው ጠፋው። በመጨረሻ እትዬ ሰኪና፣ "ሙሉዬ ከእኔ ትወፍር ነበር፣ ይበቃኛል" ብለው ወሰዱለት። አሁንም በብርድ ጊዜ ይለብሱታል።

ሉቃስ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ወደ ትሮምሶ ተመለሰ። ኤርፖርት ስሸኘው፣ "እንባዋ ትንሽ ይድረቅላት፣ ከዚያ ፓስፖርቱን መቼ እንደያዝኩ እኔ ራሴ እነግራታለሁ" አለኝ። በፌብሩዋሪ ነገራት፤ በስልክ አልነበረም፣ እሷ ዘንድ መጥቶ ነው። ናርዶስ ወር ያህል አላናገረችውም፤ እኔንም ለትንሽ ቀን አላናገረችኝም። አሁን በየእሁዱ ከሰዓት ይደዋወላሉ። እሱ አሁንም እዚያው መጦሪያ ውስጥ ይሠራል።